ለዓሣ ብዬ ከለቅሶ ቤት የወጣሁበት ቅዳሜ

ከባለቤቴ ከደሳለኝ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ የዓሣዎቹን ውኃ መለወጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እሱ ቀጭኑን ጎማ በአፉ ስቦ ውኃውን ሲያስጀምር እንደ ልማዱ ጉንጩን ሞላውና ሊተፋ ወደ ደጅ ሮጠ፤ እኔ የጎማውን ጫፍ ጀሪካን ውስጥ ይዤ ሳቅሁበት። አንድ ጀሪካን ተኩል ቀዳን፤ ከገንዳው ሲሶው መሆኑ ነው። ከማእድ ቤቱ ጥግ፣ የቧንቧው መድኃኒት እንዲለቀው ሁለት ቀን ክፍቱን ካደረው ውኃ ያንኑ ያህል መልሰን አፈሰስን። ከዚያ ቁርስ በላን። ምን እንዳወራን አላስታውስም።

ሰኞ ጠዋት ከብት ሊከትብ ወደ ገጠር ወጣ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ደክሞት ትቶታል። ከቀትር በፊት አንድ በሬ በመርፌ ሊወጋ ቆሞ ሳለ ልቡ ከዳው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለቀ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መጻፍ አልችልም፤ ልጽፍ የተነሣሁትም ስለዚያ አይደለም። ቀጥሎ ስለመጣው ቅዳሜ ነው። በቀን አንድ ገጽ ከጻፍሁ ብዙ ነው፤ ታገሡኝ።

የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ልጅ አልወለድንም። ሰው «ዓሣውን እንደ ልጅ ያዙት» ይለን እንደነበር አውቃለሁ። አይደለም፤ ዓሣ ነበሩ። ደሳለኝ ገንዳውን የሠራው ከተሰበረ የሱቅ መስታወት ቆርጦ፣ በሙጫ አያይዞ ነው። ሰባቱን ቀያይ ዓሣዎች የሰጠው ቡሬ ያለው ጓደኛው አያሌው ነው። አያሌው ፎቶ ቤት አለው፤ ከደንበኛው ወንበር ኋላ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አቁሞ ሙሽራውንም ተመራቂውንም እዚያው ያነሣል። ቤታችን የሚመጣ የገጠር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይኸን መቼ ነው የምትበሉት?» ደሳለኝም ሳይስቅ «ገና ጥጃ እኮ ናቸው» ይላል። ትልቁንና ሆዳሙን «አለቃ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር።

ሕጉ ጥቂት ነበር። በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ብቻ ማብላት። ቅዳሜ ውኃ መለወጥ። አየር በቀጭን ቱቦ እየነፋች ውኃውን የምታንተከትከውን ትንሽ መሣሪያ አለማጥፋት። «መተንፈሻቸው» ይላታል።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ የሕዝብ ሆነ። ዕድሩ ደጅ ላይ ድንኳን ተከለ፤ ሴቶቹ ማእድ ቤቱን ያዙት፤ እኔ ሳሎን መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀመጥሁ። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት እንዲህ ትቀመጣለች። ውኃ አትቀዳም፣ እሳት አታነድም፣ ቢያንስ አሥራ ሁለቱ ሳይወጣ ከደጇ አትርቅም። ሰው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ይወጣል። እኔ እንድናገር የሚጠብቅ የለም። ሁሉም ሰምቶ፣ አልቅሶ፣ ጥቁሩን ለብሶ ነው የሚገባ። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ «ሞተ» የሚለውን ቃል እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ አላወጣሁም ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን አላስተዋልሁም።

የደሳለኝ እናት ከደምበጫ ገጠር መጥተው ከእኔው ጋር ተቀምጠዋል። ቆብ ስለጫኑ እማሆይ እንላቸዋለን። ረቡዕ ዕለት ተነሥተው ከገንዳው ፊት ቆሙና ብዙ ጊዜ አዩ።

«የልጄን እጅ ለምደው፣ አሁን ማን ያጎርሳቸው?» አሉ። ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ጣል አደረጉ። «ነፍስ ይማር። ይኸም የተራበ ማብላት ነው።»

ዓሣዎቹ ተሻሙበት። አለቃ ትልቁን ነጥቆ ሲሸሽ እማሆይ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ይህን ያየች አንዲት ጎረቤትም ቆርሳ ጣለች። ሐሙስ ላይ ደንብ ሆኖ አረፈው፤ ሊሰናበት የተነሣ ሁሉ በገንዳው በኩል ያልፍና «ነፍስ ይማር» ብሎ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሦስት አራት ፍሬ ንፍሮ ይጥላል። እኔ ፍራሼ ላይ ሆኜ አያለሁ። ሕጉን አውቀዋለሁ። ግን ምን ብዬ ልከልክል? እውነቱን ከተናገርሁ፣ ያ ሁሉ ሰው በእሱ ስም ሲያበላ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ስልኩም አብሮ ጠፋ። እኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ፊቴን ልታጠብ ስነሣ በገንዳው በኩል አለፍሁ። ውኃው ሩዝ የታጠበበት መስሎ ነጥቷል። ሰባቱም ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውኃው ጫፍ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። መጀመሪያ የራባቸው መሰለኝ። ቀጥሎ የቆመችውን መተንፈሻቸውን አየሁ። ጎንበስ ብዬ ታቹን ስመለከት ደግሞ ዳቦው አብጦ፣ ንፍሮው ሻግቶ፣ ከድንጋዩ መሐል ተከምሯል። ሽታው ወደ ላይ መጣ።

ይህን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አምና ክረምት መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ዓሣዎቹ እንዲሁ ወደ ላይ ወጥተው ነበር። ያን ጊዜ ደሳለኝ ቡናማ ጠርሙስ አውጥቶ፣ በመርፌ መቅጃ፣ በሲሪንጅ እየለካ፣ ጠብ ጠብ አደረገበት። ቁስል ላይ ሲያፈሱት የሚፈላው መድኃኒት፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። «ዓሣውን ልታቃጥለው ነው እንዴ?» ብዬ ቀልጄበት ነበር። «ይኸ እኮ ውኃ ነው» አለኝ። «አንድ ትርፍ ትንፋሽ የያዘ ውኃ። ትርፉን ለዓሣው ይሰጥና እሱ ተራ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ብቻ ሲበዛ ያቃጥላል።» ስንት እንደለካ ግን አልጠየቅሁትም። ምን ያስጠይቀኛል? እሱ እያለ።

ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አገኘሁት። ባዶ ነው። ወደ ማእድ ቤት ሄድሁ፤ ክፍቱን የሚያድረው የዓሣ ውኃም የለም።

«በጥጉ የነበረው ውኃ የት ሄደ?» አልሁ።

«ትናንት ሰሐን አጠብንበት፤ ቧንቧው እኮ ቆሟል» አለች ጎረቤቴ ትርንጎ። ትርንጎ የፀጉር ሥራ ቤት አላት፤ ከሰኞ ጀምሮ ዘግታው እኛው ቤት ትሠራለች። «ምነው? ልትታጠቢ ነው?»

«ዓሣዎቹ ሊሞቱ ነው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ በሹክሹክታ «ሐዘኑ ወደ ራሷ ወጣ» ስትል ሰማኋት።

ጣሳ አነሣሁና ገንዳው ጎን ቆሜ ውኃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስሁ። ውኃ ከላይ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል፤ ይህንም ከእሱ ያየሁት ነው። ትርንጎን ባዶውን ጠርሙስ አስይዤ ወደ መድኃኒት ቤት ላክኋት። እየቀዳሁ አፈሳለሁ፤ እየቀዳሁ አፈሳለሁ። ለቅሶ ሊደርሱ የገቡ ሰዎች በራፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ፍራሽ ላይ ልትጠብቃቸው የሚገባት ሴት ቆማ በጣሳ ውኃ ታንቆረቁራለች።

ትርንጎ ሦስት ሰዓት አልፎ ተመለሰች። «ሁሉንም ዞርሁ፤ አልቋል አሉ። ግን ግድ የለም፣ ከቤቴ አምጥቻለሁ» ብላ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝ። «ፀጉር ስናቀልም የምንደባልቀው ነው። ያው ነው ስሙ።»

ከፈትሁት። ወፍራም ነው፤ እንደ እርጎ ይጎተታል፤ ሽቶም አለው። የእሱ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ከውኃ አይለይም ነበር። እጄ ላይ ጠብ አድርጌ አየሁት፤ እውነት ለመናገር ልጨምረው አሰብሁ። አንዲት ትንሽ ዓሣ ያን ጊዜ በጎኗ መተኛት ጀምራ ነበር።

«ተይው ይቅር፣ ትርንጎዬ» አልኋት። «አያሌው ያውቃል። ቡሬ እሄዳለሁ።»



እማሆይ ከፍራሹ ቀና አሉ። «የት?»

«ቡሬ፣ እማሆይ። ደርሼ እመለሳለሁ።»

«የልጄ አፈር ሳይደርቅ? ለዓሣ?» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ሰው ምን ይላል? እኔስ ለአገሬ ሰው ምን እላለሁ?»

ጣሳውን ቀድቼ አፈሰስሁ። በዚህ መሐል የነፍስ አባታችን መምሬ ይትባረክ ለጸሎት ገቡ። መስቀል ተሳለምሁና ጣሳውን እንደያዝሁ ነገርኋቸው። ገንዳውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እማሆይን አዩ።

«ቀን ቆጥሮ መቀመጡ የተደነገገው ያዘነች ሴት ብቻዋን እንዳትወድቅ ነው» አሉ። «እንድትታሰር አይደለም። ማን ነው ያሳደጋቸው?»

«ደሳለኝ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ሂጂ። እማሆይ፣ ፈቅደው ይስደዷት። የእርስዎን ፈቃድ ካልያዘች መንገዱ አይቀናትም።»

  እማሆይ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ላነሣቸው የፈለጉ መስሎኝ ያዝኋቸው። እሳቸው ግን ከእጄ ጣሳውን ወሰዱ።

«ምን ያህል ከፍ አድርጌ ነው የማፈሰው?» አሉ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆየን። ጥቁሬን አይቶ ሰው ከፊት ቦታ ለቀቀልኝ። አጠገቤ ያሉ አንድ ሽማግሌ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ማንሽ ነው?» አሉኝ።

«የቅርብ ሰው ነው» አልኋቸው፤ ፊቴንም ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የማስበው «ስንት ነበር የለካው?» የሚለውን ብቻ ነው። ስለሌላ ነገር ላለማሰብ ይረዳኝ ነበር።

ቡሬም መብራት የለም። አያሌው ፎቶ ቤቱ በራፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። ገና ሲያየኝ ብድግ አለ።

«እንዴ! የደሳለኝ ሚስት! ምን እግር ጣለሽ? እሱስ የት…» አለና ልብሴን አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ውይ! እማሆይ ናቸው? እማሆይ አረፉ? እኔ ስልኬ ከተሰበረ ሳምንቱ ነው፤ የማንንም ወሬ አልሰማሁ። አይ ደሳለኝ! እናቱን እንዴት ይወድ ነበር! እንዴት ሆነ? በርትቷል?»

ክንዴን ይዞ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

አንባቢዎቼ፣ መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውዬው ቤቱ ሳለ፣ ከዳር ከዳር ተጀምሮ ነው። ለባለ ሐዘኑ ይነገረዋል እንጂ ባለ ሐዘኑ ተናጋሪ አይሆንም። አሁን ግን ከእኔ በቀር ማንም የለም። ሽማግሌ የለም፤ ማለዳ አይደለም። አያሌው ደግሞ «በርትቷል?» ብሎ ይጠብቀኛል።

«እማሆይ ደኅና ናቸው» አልሁ።

«ተመስገን! ታዲያ…»

«ደሳለኝ ሞተ።»

ድምፄን እኔው ሰማሁት። የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል። አያሌው ትንሽ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀርቶበት ነበር፤ ተመስገን ሲል የመጣው ፈገግታ። እንዲሁ እንደያዘው ቆየ። ከዚያ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ በራፉ ላይ ቁጭ አለ። «ወንድሜን!» ብሎ ሲጮህ የጎረቤት ሱቆች ሰዎች ወጡ። እኔም አለቀስሁ። አምስት ቀን ሙሉ ሰው እያስለቀሰኝ ያለቀስሁት ለቅሶ አልነበረም፤ ሌላ ነው። ስሙን ጠርቼ፣ ቃሉን ተናግሬ ያለቀስሁት ያን ጊዜ ነው።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከኋላው ባለው ገንዳ ውስጥ የእሱ ዓሣዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ አየሁና ለምን እንደመጣሁ ትዝ አለኝ።

«አያሌው፣ ዓሣዎቹ እየሞቱ ነው። ተነሥ፤ ለቅሶውን ኋላ እናለቅሳለን።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የእሱ?»

«የእሱ። ሰባቱም ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ፤ ጠርሙሱም ባዶ ነው።»

ተነሣ። ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠራረገ፤ ከጀርባ ክፍል ገብቶ ያልተከፈተ ቡናማ ጠርሙስና ባለ አሥር ሚሊ ሊትር የመርፌ መቅጃ ይዞ ወጣ። 

«ይኸውልሽ፣ ሦስት ከመቶ ይላል። ሁሌም ይኸን እይ። የፀጉር ቤት የሚባል ወፍራምም አለ፤ እሱን ጠብ እንዳታደርጊበት።»

«አላደረግሁም።»

«ጎበዝ። ለአራት ሊትር ውኃ አንድ ሚሊ ነው። ገንዳችሁ ስንት ይይዛል?»

«አላውቅም» አልሁ። ተስፋ ቆረጥሁ። ከዚያ ግን «ሲሶው አንድ ጀሪካን ተኩል ነው» አልሁት።

«ባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን?»

«አዎ።»

በጣቱ ቆጠረ። «ዘጠና ይሆናል። ድንጋዩን ሲቀንሱለት ሰማንያ። ሃያ ሚሊ ነው፤ በመቅጃው ሁለት ሙሉ። በአንዴ አታፍስሺው፤ ከዓሣዎቹ ራቅ አድርገሽ፣ ጥግ ጥጉን፣ ቀስ እያልሽ። ምን በሉ ግን? መብራት ከትናንት ወዲህ ነው የጠፋው፤ በዚህ ብቻ እንዲህ አይሆኑም።»

«ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ዳቦና ንፍሮ ጣለላቸው። ለነፍሱ ብለው።»

አያሌው በዕንባው መሐል ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ንፍሮ!» አለ። «ደሳለኝ ይኸን ቢሰማ! በመጀመሪያ እሱን ታች ያለውን በጎማ ስቢና አውጪ። አለዚያ መድኃኒቱን የሚበላው እሱ ነው። የሚተካ ውኃ አለሽ?»

የለኝም። ከራሱ ክፍቱን ካደረ ውኃ አንድ ጀሪካን ሞልቶ ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ አደረሰኝ። «ነገ የቡሬ ጓደኞቹን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። «ዛሬ ብቻዬን ብገባ እናቱ ፊት መቆም አልችልም።»

ስመለስ ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ቆሞ ሰው እያወረደና እየጫነ አስጨነቀኝ። ጠርሙሱን ፀሐይ እንዳይነካው በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ፤ ጀሪካኑ እግሬ ሥር ነው። ማንኩሳ ላይ የገቡ ሴትዮ ጥቁሬን አዩ፣ ጀሪካኑን አዩ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እኅቴ፣ ከየትኛው ጠበል ነው? ባክሽ ትንሽ ጠብ አድርጊልኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል» አሉኝ።

«ጠበል አይደለም እናቴ። የዓሣ ውኃ ነው።»

«የምን?»

«ባሌ ዓሣ ያረባ ነበር። ሰኞ ሞተ። ዓሣዎቹ ታመውብኝ ነው።»

ሁለተኛ ጊዜ አልሁት። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡ። «እግዜር ያጥናሽ» አሉ፤ ቀጥለውም «ከለቅሶ ቤት እስከ ቡሬ ያስኬደሽማ ተራ ውኃ አይደለም» ብለው እጃቸውን ጀሪካኑ ላይ ጫን አድርገው ወደ ጉልበታቸው መለሱ። አልከለከልኋቸውም።

ቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ጀሪካኑን ተቀበሉኝ። ሳሎን ስገባ እማሆይ ገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ናቸው። ጣሳውን በግራ እጃቸው ይዘዋል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል። ይቀዳሉ፣ ከፍ ያደርጋሉ፣ ያፈሳሉ።

«አልለቅም ብለው ነው» አለችኝ ትርንጎ። «መምሬ ተቀበሏቸው፤ እኔም ተቀበልኋቸው፤ ትንሽ ያርፉና መልሰው ይነጥቁናል።»

«ሁለቱ ሞቱ» አሉኝ እማሆይ ዞር ሳይሉ። «እዚያ በቅጠል ጠቅልያቸዋለሁ። አምስቱ አሉ።»

ጎማውን አመጣሁ። ጫፉን ውኃው ውስጥ ከተትሁና ሌላውን በአፌ ሳብሁ። የሻገተ ዳቦ ጣዕም ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ተፋሁትና ቀጠልሁ። ታች የተከመረውን ሁሉ ከአንድ ጀሪካን ውኃ ጋር አወጣሁ፤ የአያሌውን ውኃ ቀስ አድርጌ መለስሁ። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍቼ መቅጃውን እስከ አሥር ሞላሁ። ቤቱ በሙሉ ቆሞ ያያል። መምሬ ከበራፉ ላይ ናቸው።

ጥግ ጥጉን ጠብ ጠብ አደረግሁ። ደግሜ ሞላሁና ሁለተኛውንም። 

በድንጋዩ መሐል ከቀረው ቆሻሻ ላይ ደቃቅ አረፋ እንደ ክር መውጣት ጀመረ። ዓሣዎቹ ግን እዚያው ላይ ናቸው። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። አንዷ ሴት «እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው» አለች። ያቺ በጎኗ የተኛችው ትንሽ ዓሣ ተገላበጠች፤ አለቀች አልሁ። ቀጥ ብላ መዋኘት ጀመረች። ቆይቶ አለቃ አፉን ገጠመ። ትልቅ ሆዱን ይዞ፣ እንደ ከበርቴ ቀስ እያለ፣ ወደ ታች ወረደ። አንድ በአንድ ተከተሉት።

ትርንጎ እልል ልትል አፏን ከፍታ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት በእጇ ያዘችው። ሁላችንም አየናት። ያን ጊዜ፣ ይቅር በሉን፣ ለቅሶ ቤቱ ሳቀ።

እማሆይ ብቻ አልሳቁም። ሴቶቹ ሲበተኑ እጄን ያዙ።

«ዳቦው ነው አይደል?» አሉኝ። «ስትስቢው አየሁት። እኔ ነኝ የጀመርሁት። ያፈንኋቸው እኔ ነኝ።»

ማታለል አልቻልሁም። «አዎ፣ ዳቦው ነው። ግን እኔም እያየሁ ዝም አልሁ፣ እማሆይ። ሕጉን የማውቀው እኔ ነበርሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎዎት ነበራ።»

አቅፈውኝ አለቀሱ። «ልጄ ሞተ» አሉ። እሳቸውም፣ ጮኸው ሙሾ ሲያወርዱ ከርመው፣ ይህን ቃል እንዲህ በተራ ድምፅ ሲሉት ያን ጊዜ ነው የሰማሁ። «ባሌ ሞተ» አልሁ። ሌላ የሚባል አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት መብራት መጣ፤ አያሌውም ጓደኞቹን ይዞ መጣ። አምስቱ ዓሣዎች ዛሬም አሉ።

ይህን የምታነቡ ሁላችሁ ዓሣ አታረቡ ይሆናል። ለምታረቡት አንድ ነገር ልበላችሁ፤ ያ ጠርሙስ ለጭንቅ ቀን እንጂ ለዘወትር አይደለም። መጠኑን ሳታውቁ እንዳትነኩት፤ አስቀድማችሁም የተበላሸውን አውጡ። ለማታረቡት የምለው ሌላ ነው፤ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ግን ብዙ ቀን አሰብሁ። ቤቴን የሞላው ሰው ሁሉ ወዶኝ ነው የመጣው። ዳቦውም ፍቅር ነው። ያን ሁሉ ፍቅር ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ስቀበል ግን አንድ ቃል እንኳ ሳልተነፍስ ልከርም ነበር። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም። አያሌው ባይሳሳትና እማሆይን ባያለቅስ ኖሮ እስከ መቼ እንደዚያ እኖር እንደነበር አላውቅም። ሐዘኔ ቀለለ አልልም። የእኔ ሆነ ነው የምል።

ሰኞ ስልክ ተመለሰ። ከሞተበት ቀን ጀምሮ ተዘግቶ የከረመውን የደሳለኝን ስልክ እሑድ ማታ ቻርጅ አድርጌ ከፍቼው ነበር፤ ገና ኔትወርክ ከመመለሱ ከመደርደሪያው ላይ ጮኸ። ሴቶቹ ደነገጡ፤ ትርንጎ ልታጠፋው ሮጠች። ተቀበልኋትና አነሣሁት።

«ዶክተር! የት ጠፋህ ባክህ?» አለ አንድ ገበሬ፤ ነፋስ ያለበት ሜዳ ላይ ቆሞ ይመስለኛል። «ላሚቱ መብላት ከተወች ሁለት ቀኗ። ሆዷ ተነፍቷል።»

«ደሳለኝ ሞቷል» አልሁት። «ባለፈው ሰኞ። እኔ ሚስቱ ነኝ። ላሚቱን የሚያይልዎትን ሰው ስልክ ልስጥዎ፤ ይጻፉ።»

 እሱ ግን ስለ ላሚቱ ሳይሆን «አንቺስ እንዴት ነሽ እኅቴ?» አለኝ።

ከየቀበሌው እስከ ዛሬ ይደውላሉ፤ ያልሰማ ብዙ ነው። ስልኩን አልዘጋሁትም። ጠዋት ጠዋት ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ሲጠራም አነሣዋለሁ።